ሰንጠረዡ ወልዲያ ተቀየረ፣ ስክሪኑ ሮቢት ቀረ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ጎብዬን ሲያልፍ መሬቱ ይረጋና ሜዳው ይከፈታል። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የደጋው ግድግዳ፤ መሐሉ እስከ አላማጣ የሚዘልቅ ሙቅ ቆላ ነው። ማሽላውና ጤፉ በአብዛኛው የሰማይን ደጅ ይጠናል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ባሉበት ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ይታያል። ጉድጓዱ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ መብራት ይበላል፤ መብራቱ ሒሳብ ያመጣል፤ ሒሳቡ መዝገብ ይፈልጋል።

ሮቢት ከዚሁ መንገድ ዳር ናት። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የውኃ ክፍያ የምትቀበል ወጣት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዴስክቶፕ፣ ካርቦን የገባበት የደረሰኝ ጥራዝና ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አለ። መዝገቡ «ለማንኛውም» የተቀመጠ ነው። ተራ የደረሳቸው ሽማግሌ ባለፈው ወር የተጻፈባቸውን ሰዓት ሊያስተካክሉ መጥተዋል። ፓምፑ የሠራላቸው 9 ሰዓት ነው፤ የገባው 19 ተብሎ ነው። ልጅቷ ስማቸውን ፈልጋ አገኘች፤ 1ን አጥፍታ 9ን አስቀረች፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። መዝገቡን ማስተካከል ከጀመርሽ ወዲህ ሌላ ተጠቃሚ ለውጦታል ይላል።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱ። ሲስተሙ እምቢ ብሏል።»

«መብራት አለ አይደል እንዴ?» አሉ ወደ አምፖሉ ቀና ብለው።

«መብራትስ አለ።»

«ኔትወርኩስ?»

«እሱም አለ። ሌላ ሰው ነክቶታል ነው የሚለው።» ዞር ብላ ክፍሉን ቃኘች። «እዚህ ቤት ከኔ በቀር ማን አለ?»

«አብሽሪ ልጄ፣ እኔም የትም አልሄድ» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

በዚያ ቀን ሽማግሌው የ19 ሰዓት ዕዳቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ማስተካከያው በጠንካራው መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ሰፈረ። ጥፋቱ የልጅቷም የኔትወርኩም አልነበረም። ከሮቢት በስተደቡብ፣ ወልዲያ ያለው ሰርቨር ላይ አንድ ሰው ከቀናት በፊት ለበጎ ብሎ አንድ ዓምድ ጨምሮ ነበር።

ልጅቷ የምትሠራበት ፕሮግራም በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ ነው። አክሰስ እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የትናንሽ ቢሮዎች ወዳጅ ነው፤ አንድ ትጉህ ልጅ በጥቂት ሳምንት ፎርም፣ ሪፖርትና ደረሰኝ የሚያወጣ ነገር ሊሠራበት ይችላል። ችግሩ መረጃው ሲበዛና ተጠቃሚው ከአንድ ክፍል ሲወጣ ነው። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲነካካውም ይታመማል። ስለዚህ የተለመደው መንገድ ፋይሉን ለሁለት መክፈል ነው። ፎርሙና ሪፖርቱ ተጠቃሚው ማሽን ላይ ይቀራል፤ ሰንጠረዡ ወደ ሰርቨር ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ነፃ ወደሆነው የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እትም። ሁለቱን የሚያያይዘው ሊንክ ነው።

ሊንኩ የሰንጠረዡን አድራሻ ብቻ የያዘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። በተያያዘበት ቀን የነበሩትን ዓምዶች ስም፣ ዓይነታቸውንና የመለያ ቁልፉን መዝግቦ በራሱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። የመታወቂያ ፎቶ በሉት፤ ባለቤቱ ጢም ቢያወጣም ቢላጭም ፎቶው በተነሣበት ቀን መልክ ይቀራል። ወልዲያ ያለው ባለሙያ ዓምድ ሲጨምር ሮቢት ያለው ስክሪን አያይም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሥራው እንደ ትናንቱ ይቀጥላል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ዝምታ ነው። አዲሱ ዓምድ ከሮቢት በሚመጣ መዝገብ ሁሉ ላይ ባዶ እየሆነ ወር ሁለት ወር ይሄዳል፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲሠራ «ሮቢቶች አይሞሉም» ይባላል። ስክሪናቸው ላይ መሙያው እንደሌለ የሚጠይቅ የለም።

ባለሙያው የዓምዱን ስም ሲቀይር ወይም ሲያጠፋ ነገሩ ቢያንስ ይጮሃል። ፎርሙ ሲከፈት ጥሪው ከሽፏል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ወይም ሳጥኑ ውስጥ በብሩ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት የስም ስሕተት ይቀመጣል። የመለያ ቁልፉን ዓይነት ከተራ ቁጥር ወደ ትልቁ የቁጥር ዓይነት ሲያሳድገው ደግሞ አሮጌ አክሰስ ያለበት ማሽን መዝገቡን በሙሉ «ተሰርዟል» እያለ ሊደረድረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ስክሪን ያየ ሠራተኛ ልቡ ቢቆም አይፈረድበትም። መረጃው ግን ሰርቨሩ ላይ ደኅና ነው።

የሮቢቱ ጉዳይ ከነዚህ ይረቅቃል። ወልዲያ የተጨመረው ዓምድ ክፍያው ተሰርዟል ወይስ አልተሰረዘም የሚል፣ አዎና አይደለም ብቻ የሚቀበል ነበር። ሮቢት ላይ ለጊዜው ማንም አላየውም። ከዚያ ፕሮግራሙን የሚንከባከበው ልጅ ለሌላ ሥራ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ሊንኩን አደሰውና መንገዱን ቀጠለ። ጣጣው የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አክሰስ አንድን መዝገብ ከማስቀመጡ በፊት፣ እኔ ካነበብኩት ወዲህ ሰው ነክቶታል ወይ ብሎ ያጣራል። የሚያጣራውም እያንዳንዱን ዓምድ አስቀድሞ ካነበበው ጋር በማስተያየት ነው። አዲሱ ዓምድ በድሮዎቹ መዝገቦች ላይ ገና ባዶ ነው፤ አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም። አክሰስ ግን እንዲህ ያለ ዓምድ ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብምና ባዶውን «አይደለም» ብሎ ያነበዋል። ሰርቨሩን የሚያዘውም በዚሁ ነው፤ ቁልፉ ይህ የሆነ፣ «ተሰርዟል» የሚለው ዓምዱ «አይደለም» የሆነ መዝገብ ፈልገህ ሰዓቱን 9 አድርግ። ሰርቨሩ ይፈልጋል፤ ባዶ «አይደለም» ማለት አይደለምና አያገኝም። ምንም መዝገብ አልተስተካከለም ብሎ ይመልሳል። አክሰስም ያነበብኩት መዝገብ ከቦታው ከሌለ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ነው ብሎ ይደመድማል። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠችውን ልጅ የከሰሳት ይህ ድምዳሜ ነው።

ሊያድን የሚችለው ትእዛዝ ከሁለት ሦስት መስመር አይበልጥም፤ የድሮዎቹን ባዶዎች በ0 መሙላት፣ ከዚያ ዓምዱ ባዶ እንዳይቀበልና መነሻው 0 እንዲሆን ማድረግ። ከዚህ የሚሻል ሌላም አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሮውቨርዥን የሚባል የዓምድ ዓይነት አለው፤ ረድፉ በተነካ ቁጥር ራሱን በራሱ ይቀይራል። ሰንጠረዡ ላይ እሱ ካለ አክሰስ ሁሉንም ዓምድ ማስተያየቱን ትቶ ቁልፉንና እሱን ብቻ ያያል። ፍሎት በሚባለው ዓይነት በተቀመጡ የአስርዮሽ ቁጥሮች ምክንያት የሚነሣው ተመሳሳይ ጭቅጭቅም በዚያው ይበርዳል። ሰንጠረዥ ወደ ሰርቨር የሚያሻግር ሰው ይህን ዓምድ በየሰንጠረዡ ከመጀመሪያው ቀን ቢያስገባ የብዙ ሰው ደም ግፊት ይቀንስ ነበር።

የፈረንጅ መጽሐፍ የማያነሣቸው ሁለት ጣጣዎች

የእኛ አገር ሰንጠረዥ የራሱ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው፤ አክሰስም ከ2000 እትሙ ጀምሮ ዩኒኮድ ይይዛል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ጽሑፍ የሚቀመጥባቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ቫርቻርና ኤንቫርቻር። አማርኛን ያለ ሐሳብ የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ቦታ ልቆጥብ ብሎ የስሙን ዓምድ ከኤንቫርቻር ወደ ቫርቻር ያወረደ ሰው፣ በተለመደው የሰርቨር አቀማመጥ፣ የገበሬውን ስም ከነአባቱ «???? ????» አድርጎታል። ይህ የማሳያ ችግር አይደለም። ፎንት ቢቀይሩ፣ ኒያላም ቢጭኑ አይመለስም፤ ፊደሉ ጠፍቷል። ባክአፕ ከሌለ ያለው አማራጭ ደረሰኝ ገልጦ፣ ሰው ጠርቶ እንደገና መጻፍ ነው። ከ2019 እትም ወዲህ ቫርቻርንም አማርኛ እንዲይዝ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል፤ አስቦ ያዘጋጀው ካለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ብዙ ቢሮ ቀኑን እንደ ጽሑፍ ይጽፈዋል፤ 30/2/2012 ማለት ጥቅምት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ሰርቨሩን የተረከበ ንጹሕ ባለሙያ ይህን ያይና ቀን በጽሑፍ አይቀመጥም ብሎ ዓምዱን ወደ ቀን ዓይነት ይቀይረዋል። በመርሕ ደረጃ ልክ ነው። ሰርቨሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነውና 30 የሚባል ቀን የለውም፤ 29ም ያለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወርማ ጭራሽ አልሰማም። ተንኮሉ ሌሎቹ ወሮች በሙሉ ሳይታወቅ ማለፋቸው ላይ ነው። ኅዳር 30 ያልፋል፣ ታኅሣሥ 30 ያልፋል፣ ግንቦት 30 ያልፋል። ለውጡ በኅዳር ከተሠራ እስከ ጳጉሜ ድረስ ማንም ነገሬ አይለውም። ጳጉሜ 1 ጠዋት ክፍያ የሚቀበለው ስክሪን በሙሉ እምቢ ይላል፤ ሰርቨሩን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ለዘመን መለወጫ አገር ቤት ገብቷል።

ልኩ ቀኑን ሰርቨር ላይ በፈረንጁ አቆጣጠር በቀን ዓይነት ማስቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ሲወጣና ሲገባ ወደ እኛ መመንዘር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን በዚያው ቀን በየቀበሌው ያለውን ስክሪን አብሮ መለወጥ አለበት። ሰርቨሩ ብቻውን ከተለወጠ 2012 ተብሎ የገባው የእኛ ዓመት እንደ ፈረንጅ 2012 ይነበባል፤ የሰው ዕድሜ፣ የዕዳ ቀን፣ የውል ዘመን ሁሉ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛባል።

ከኬፕታውን የመጣው መንገድ

ይህ የአንድ ትንሽ ቢሮ ጣጣ ይመስላል። የአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት አያቱ ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ግን አይመስልም። አፓርታይድ በወደቀበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የኬፕታውንና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሂስፕ በሚል ስም ተሰባስበው ለደቡብ አፍሪካ ጤና ጣቢያዎች አንድ ፕሮግራም ሠሩ፤ ዲኤችአይኤስ ተባለ። የመጀመሪያው ዲኤችአይኤስ የተጻፈው በአክሰስ ነበር። የሮቢቷ ልጅ ፊት ያለው ፕሮግራም የቅርብ ዘመዱ ነው ማለት ነው። ያ ዲኤችአይኤስ በየወረዳው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫን ነበር፤ መረጃውም በዲስክ ወደ ላይ ይላክ ነበር። የየቦታው ቅጂ የየራሱ መልክ እየያዘ ሲሄድ ማዕከሉ የሚያደርገው ይጠፋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ሂስፕ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር።

ዲኤችአይኤስ 2 ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 ኦስሎ ላይ ተጀምሮ በ2006 መጀመሪያ የተተከለው በህንዷ ኬረላ ነው። አክሰስን ተወ፣ በዌብ ሆነ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ኢኤችኤምአይኤስ ትቶ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲኤችአይኤስ 2ን ወደ ጤና ተቋማት አወረደ። ዛሬ ከሮቢት ዙሪያ ጤና ኬላ የተነሣ ቁጥር በጤና ጣቢያው በኩል ቆቦ ወረዳ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወልዲያ ዞኑ፣ ባሕር ዳር ክልሉ፣ አዲስ አበባ ሚኒስቴሩ ያየዋል።

እኔን የሚስበኝ ዌብ መሆኑ አይደለም፤ ሰንጠረዡ የተሠራበት ብልሃት ነው። የክትባትን ታሪክ እንይ። ፔንታቫለንት በ1999 ዓ.ም. ገባ። የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ በ2004፣ ሮታ በ2006፣ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በ2008 ተከተሉ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያው፣ በዚያው ዓመትም በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት መጡ። አንድ ሰው ከ1999 በፊት የክትባት መመዝገቢያ በአክሰስ ሠርቶ ለእያንዳንዱ ክትባት አንድ ዓምድ አስቀምጦ ከሆነ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰንጠረዡ ስድስት ጊዜ ተከፍቷል፤ በየጊዜውም ፎርሙ፣ ሪፖርቱና ሊንኩ ተከፍቷል። የመጨረሻው የባሰ ነው። ቀድሞ «ኩፍኝ» የሚባል አንድ ዓምድ ነበር፤ አሁን ሁለት መጠን ስላለ ስሙን «ኩፍኝ 1» ማለት ያምራል። ያቺ ስም ስትቀየር አሮጌውን ፎርም የያዘ ጤና ጣቢያ ሁሉ አንደኛውንም መጠን መመዝገብ ያቆማል።

ዲኤችአይኤስ 2 ለክትባት ዓምድ አይጨምርም፤ ረድፍ ነው የሚጨምር። አንድ ሰንጠረዥ «ምን ይቆጠራል» የሚለውን ዝርዝር ይይዛል። ሌላው የቁጥሩን ዋጋ ይይዛል፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። አዲስ ክትባት ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይገባል፤ የሰንጠረዡ ቅርጽ አይነካም። የመንግሥት ፋይናንስ ሰዎች ይህን ከድሮም ያውቁታል። በሐርቫርዱ ስቲቨን ፒተርሰን ይመራ ከነበረው የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት የወጣው አይቤክስ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በየወረዳው የሚሠራው በሒሳብ መደብ ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅ፣ 6231 ውሎ አበል። አዲስ መደብ ቢመጣ አዲስ ቁጥር እንጂ አዲስ ዓምድ አያሻም።

ግን ችግሩ አልሞተም፤ መኖሪያ ቀየረ። ዲኤችአይኤስ 2 መስመር በሌለበት ቦታ በተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ተጭኖ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማዕከል እንዲልክ ተደርጎም ይሠራል። እያንዳንዱ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ስሙ ብቻ አይደለም መታወቂያው፤ 11 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው። አዲሱ ዝርዝር ከማዕከል ሳይወርድ የዘገየበት አንድ ትጉህ ባለሙያ «ኩፍኝ 2»ን በራሱ ኮምፒውተር ላይ በራሱ እጅ ቢፈጥር፣ ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ መለያው የተለየ ይሆናል። ወሩን ሙሉ ያስገባው ቁጥር ወደ ላይ ሲላክ የሚቀበለው የለም። ዓምዱ ወደ ረድፍ ተቀየረ እንጂ፣ ከላይ የተለወጠው ከታች ካልደረሰ ያው ነው።

ለዚህም ነው «ዌብ አድርጉትና ተገላገሉ» የሚለውን ምክር በግማሽ ልብ የምሰማው። ዌብ ሲሆን የስክሪን ቅጂ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይህ እውነት ነው። ዌቡ ግን መስመር ይፈልጋል። የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ሲደርስ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሲደገም፣ መረጃ ይቅርና ኮምፒውተሩም የት እንደደረሰ የማይታወቅባቸው ቢሮዎች ነበሩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራውን የሚያስቀጥለው ጠረጴዛ ላይ ያለው ፋይልና ጠንካራው መዝገብ ነው። መስመሩ ሲመለስ የሚገናኙት ግን የወራት ዕድሜ ያለው ስክሪንና ሲለዋወጥ የከረመ ሰርቨር ናቸው። አስቀድሞ ያልታሰበበት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ሥራ እሳት ማጥፋት ይሆናል።

ታዲያ የሚያስበው ሰው ምን ያደርጋል?

ሰርቨሩ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ የሥሪት ቁጥር የሚያዝበት። ስክሪኑም የራሱን ቁጥር ይይዛል። ጠዋት ፕሮግራሙ ሲከፈት ሁለቱን ያስተያያል። የሰርቨሩ ከበለጠ ሥራ አይጀምርም፤ «አዲስ ሥሪት አለ፣ ይህን ሰው ጥሩ» የሚል በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ያወጣል። የአማርኛው ነገር ቀላል አይደለም፤ የሮቢቷ ልጅ «ሌላ ተጠቃሚ ለውጦታል» የሚል የእንግሊዝኛ ሳጥን ከማየት «ሰርቨሩ ተለውጧል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የሚል ብታነብ ኖሮ ስልክ የምትደውልበትን ታውቅ ነበር። ኔትወርኩ ደኅና ከሆነ ፕሮግራሙን የሚከፍት አነስተኛ የባች ፋይል አዲሱን ቅጂ ከጋራ ፎልደር ራሱ ይገለብጣል። ካልሆነ ፍላሽ በባጃጅ ይመጣል፤ ምንም ነውር የለውም። የማይሆነው ሁሉም ሠራተኛ አንዲቱን ፋይል ከጋራ ፎልደር ላይ በቀጥታ መክፈቱ ነው፤ ያ የአክሰስ ፋይል መቃብር ነው። በየማሽኑ የየራሱ ቅጂ ይኑር።

ሊንኩንም ሰው መጥቶ እስኪያድሰው መጠበቅ አያስፈልግም። ሥሪቱ ሲለወጥ ሰንጠረዦቹን አንድ በአንድ እየጠራ የሚያድስ ጥቂት መስመር ኮድ በቂ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የተያያዘው ቪው ከሆነ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ በጥያቄ የተሠራ ሰንጠረዥ መሰል ዕይታ፣ አክሰስ መለያ ቁልፉ የትኛው እንደሆነ በራሱ አያውቅም፤ ሲያያዝ ሰው ነው የሚነግረው። ሊንኩ ተሰርዞ እንደገና ሲሠራ ያ ይጠፋና ስክሪኑ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል ይሆናል። ኮዱ ቁልፉንም አብሮ መመለስ አለበት።

ቪው ካነሣን አይቀር፣ የሩቅ ስክሪንን በቀጥታ ከሰንጠረዥ ጋር ባያስሩት ይመረጣል። ስሙና ዓምዶቹ የማይለወጡ ቪው ከፊት ይቁም፤ ባለሙያው ከኋላው ያለውን ሰንጠረዥ እንደፈለገ ይክፈል፣ ይሰይም። «ኩፍኝ» ከኋላ «ኩፍኝ 1» ቢሆንም ቪው ላይ በቀድሞ ስሙ ይወጣል፤ አሮጌው ፎርም ምንም ሳያውቅ ይሠራል። ቪው ሲጻፍ ግን ሁሉንም ዓምድ ስጠኝ በሚለው ኮከብ አይጻፍ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኮከቧን የሚፈታት ቪው በተሠራበት ቀን ነው፤ ሰንጠረዡ ከተቀየረ በኋላ በትእዛዝ ካልታደሰ አዲሱን ዓምድ አያሳይም፤ አንዳንዴም የአንዱን ዓምድ ዋጋ በሌላው ስም ሥር ያወጣል። የገንዘብ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ቢደርስ ኦዲተር ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የለውጡ ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ ዓምድ ይጨመር፤ መነሻ ዋጋ ይኑረው። አሮጌው ይቆይ፤ ለጊዜው ሁለቱም ይሞሉ። ስክሪኖቹ ሁሉ ወደ አዲሱ መሻገራቸው በሥሪት ቁጥራቸው ከታየ በኋላ አሮጌው ይነሣ። ይህ የሚሠራው ሰርቨሩ የትኛው ስክሪን በየትኛው ሥሪት እንደገባ ከመዘገበ ነው፤ ሲከፈት ስሙንና ቁጥሩን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ቢጥል ይበቃል። እያንዳንዱ ለውጥም ተራ ቁጥር ባለው ፋይል ይጻፍ፤ ባለሙያው ሲቀየር የሚተካው ሰው ሰንጠረዡ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ያንብብ። እኛ ቢሮዎች ውስጥ ርክክብ ሲደረግ ወንበርና ማኅተም ይቆጠራል፤ የዳታቤዝ ለውጥ መዝገብ ሲቆጠር አላየሁም።

አክሰስን መናቅ ለቴክኖሎጂ ሰዎች ቀላል ነው። በጠረጴዛው በዚህ በኩል ላለችው ልጅ ግን መሥሪያዋ እሱ ነው፤ በጠረጴዛው በዚያ በኩል ያሉት ሽማግሌም 10 ሰዓት ያልሠራ ፓምፕ እንዲከፍሉ የተጠየቁት በአክሰስ እርጅና አይደለም። ሰንጠረዥ የሚቀይር ሰው ያቺን ሰንጠረዥ ከሩቅ ሆኖ የሚጠቀም ማን እንዳለ የማወቅና አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ዛሬ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ተጽፎ የሚሰጠው ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ በዞንና በክልል ሰርቨር ለምትጠብቁ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ቅጽም ሰንጠረዥም በብዛት የሚለወጠው ያኔ ነው። የምትለውጡት ካለ ሰኔ ሳይጋመስ ለታች ቢሮዎች በደብዳቤም በስልክም አሳውቁ፤ አሮጌውን ዓምድ ደግሞ ቢያንስ እስከ መጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት አትንኩት።